ሮም ከመጀመሪያው

«ሮም በሰባት ኮረብታዎች ላይ ተቆረቆረች» ይላል ይማም፣ እንደገና።

መምህር ሙላቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ክረምቱ የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድበዋል፤ ክፍሉ በርዷል፣ እሱም ደክሞታል። ወረቀት ስለጠፋ የታሪክ ማሟያ ፈተና በቃል ሆኗል፤ ይማም የመጨረሻው ተፈታኝ ነው። ካለፈ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ይገባል። ከወደቀ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ይሰጠዋል፤ የዘንድሮ ዘማች ደግሞ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። ይህን ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ያውቃሉ።

ሦስተኛው ጓድ ይርጋ ነው፣ ፈተናውን እንዲታዘብ ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት የተላከ ካድሬ። ካፖርቱን ሳያወልቅ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል።

«የጠየቅሁህ ሪፐብሊኩ እንዴት እንደወደቀ ነው» ይላል። «ስለ ኮረብታ ማን ጠየቀህ?»

«ከመጀመሪያው ካልሆነ አይመጣልኝም፣ ጓድ።»

«ቁርአን ቤት ነው ያደገው» ይላል መምህር ሙላቴ። «የሰማውን በቃሉ ነው የሚይዝ። መሐል ላይ ካቋረጡት እንደገና ከሥሩ ይነሣል።»

እውነቱን ነው። ለክፍሉ የደረሰው መጽሐፍ አንድ ነው፣ እሱም ግማሹ ተገንጥሏል። የልብስ ሰፊው የሸሪፍ ልጅ ይማም ዓመቱን ሙሉ ሮምን የተማረው ከመምህሩ አፍ ብቻ ነው። በጽሑፍ ፈተናው የወደቀውም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ የያዘውን ሁሉ ከሥሩ ሲጽፍ ሰዓቱ አለቀበት።

«እሺ ይበል» አለና ካድሬው ሲጋራ ለኮሰ። «ግን ማንም እንዳያቋርጠው። እስኪጨርስ እሰማዋለሁ።»

ይማም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ይጀምራል። ነገሥታቱ ተባረሩ። በምትካቸው ሁለት ቆንስሎች ለአንድ ዓመት ተሾሙ፣ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ይሽር ዘንድ። ድኻው ሕግ ይጻፍልን ብሎ ጮኸ፤ ሕጉም በዐሥራ ሁለት ሰሌዳ ተጻፈ። «የተከሰሰ ወደ ዳኛ ይሂድ። እምቢ ካለ ምስክር ይቆጠርበትና ይያዝ። ይህ እንግዲህ እንደኛ አገር ቁራኛ ማለት ነው፣ ልጆች። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ መስኮቱን ዝጋው።»

ጓድ ይርጋ ሳቁ ያመልጠዋል። መምህር ሙላቴ ግን ዓይኑን ይከፍታል።

የራሱ ቃል ነው። ቀልዱም ተግሣጹም፣ አንድ ሳይቀር ከትምህርቱ ጋር ተይዟል። እንግዲያው ያቺም ቃል አለች።

በሚያዝያ፣ የታናሽ ወንድሙ መርዶ ከሰሜን በመጣ ሰሞን ነው ያላት። ስለ ሮም ዲክታተር እያስተማረ፣ ሳያስበው፣ «እኛ ዘንድ ግን ጊዜያዊ የተባለው መንግሥት ይኸው ዐሥራ ሁለት ዓመቱ» አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ አቀረቀሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ብዙ ሌሊት የበሩን መንኳኳት ጠበቀ። ማንም አልመጣም፤ ተረሳች ብሎ ነበር። በዚህች ከተማ ከዚያ ባነሰ ቃል እስር ቤት ገብተው ያልወጡ ሰዎች ያውቃል።

«ጓድ ይርጋ፣ ይህ ይበቃል። ልጁ ያውቀዋል።»

«ማንም አያቋርጠው ብያለሁ፣ ጓድ መምህር።»

ቢያቋርጠውስ? ከኮረብታዎቹ ተነሥቶ መልሶ እዚያው ይደርሳል።

ይማም ስለ ሮም ጦር ወደሚለው ደርሷል። ሌጌዎን የሚባለው ጦር ገበሬ ነበር፤ እህሉን ሰብስቦ ይዘምታል፣ ለዘር ይመለሳል። ድምፁ ሞቆለታል፣ ማለፉን ያወቀ ይመስላል። «አገር ስትጨነቅ አንድ ሰው ይሾማል፤ ዲክታተር ይባላል። ከሞፈሩ ላይ ይጠሩታል። ጠላትን ይመልስና፣ ስድስት ወር ሳይሞላው ሥልጣኑን አስረክቦ ወደ እርሻው ይሄዳል። እኛ ዘንድ ግን…»

መወዛወዙን ያቆማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ መምህሩን ያየዋል።

መምህር ሙላቴ ቀጥል ማለት ነበረበት። ፈራ።

«እናንተ ዘንድ ምን?» ይላል ካድሬው።

«ጠፋብኝ።»

«ከመጀመሪያው ተነሣ ታዲያ።»

«ከመጀመሪያውም ብነሣ፣ እዚሁ ላይ ነው የሚጠፋብኝ።»

ጓድ ይርጋ ሲጋራውን በጫማው ይረግጣል። «ስለ ውድቀቱ አንድም ነገር አልነገረንም» አለ እየተነሣ። «ወድቋል።» ካፖርቱን ቆልፎ ወጣ። የመጣበት ላንድሮቨር ቁልቁል ወደ ገበያው ሲወርድ ተሰማ።

«ይማም…» አለ መምህር ሙላቴ።

«አያስቡ፣ መምህር። ደክመውብኛል» አለና ልጁ እጅ ነሥቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

መምህር ሙላቴ ከወንበሩ አልተነሣም። በመስኮቱ የይማም ጀርባ ይታየዋል። ከክፍሉ ክፈፍ ሥር ተጠልሎ ዝናቡን ይጠብቃል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ድምፁ በቆርቆሮው ጩኸት መሐል ሄድ መጣ ይላል። ኮረብታዎቹን አለፈ፣ ሰሌዳዎቹን አለፈ። እኛ ዘንድ ግን የምትለዋ ላይ ሲደርስ አልቆመም። ቃል ሳይጥል ጨረሳትና፣ ቄሣርን ከነጦሩ ወንዙን አሻግሮ፣ ሪፐብሊኩን እስከ መጨረሻው ጣለው።

ከዚያ ልብሱን ራሱ ላይ አጣፍቶ፣ መምህሩ በየቀኑ ክፍሉን የሚያሰናብትባትን ቃል አከለባት።

«በሉ ልጆች፣ ዝናብ ሳይመታችሁ ቤታችሁ ግቡ።»

ወጣም፣ ወደ ዝናቡ።