ሰባት ዓመት ያልታረሰው ተዳፋት

ሸምሰዲን የመጀመሪያውን የቢሳና ዛፍ በምሳር ሲመታው ሀዋ ከቤቷ ሮጣ ትወጣለች። ሻሿ አጥሩ ላይ ተይዞ ይቀራል፤ አትመለስለትም።

«አቁም! በአላህ ይዤሃለሁ፣ አቁም!»

ሸምሰዲን የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ምሳሩን እንደያዘ ዞሮ ያያታል።

«እትዬ ሀዋ፣ ነገ የባለርስቱ ምስለኔ ከሰኮሩ ይመጣል። ‹ጦም ያደረ መሬት ነው› ብሎ ለሌላ ጭሰኛ ቢሰጠው ምን ሊበሉ ነው?»

ይህን ተዳፋት ድሮ የመነጠሩት እሱና ወንድሙ ናቸው። አራት ዓመት በቆሎ ሰጣቸው። ከዚያ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው፤ ቀይ ድንጋያማ መሬት ቀረ። ባሏ ሲሞት ሀዋ ዙሪያውን በእሾህ አጥራ ከብት ከለከለች። መጀመሪያ ሣር ወጣ፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ በኋላ ማንም ያልተከለው ቢሳና። መንደሩ «ሰነፏ ሀዋ» ይላታል።

«ሜ፣ እስቲ ና» ትለዋለች። ክንዱን ይዛ ወደ ጥላው ታስገባዋለች። ጎንበስ ብላ የረገፈውን ቅጠል ትገልጣለች። «ንካው።»

አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነው። ሸምሰዲን ጨበጥ ሲያደርገው በእጁ ውስጥ ይድቦለቦላል።

«በጥር? ዝናብ ሳይጥል?»

ሀዋ ትንሽ ራቅ ብላ ሌላ ቅጠል ታነሳለች። ከሥሩ ጣት የምታክል ችግኝ ቆማለች፤ ከጎኗ ሌላ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ።

«ቡና!» ይላል። «ማን ተከለው?»

«ወፍና ጦጣ። ከጎረቤታችን ከቲጃኒ የቡና ጫካ በልተው እዚህ ይጥሉታል። ፀሐይ ላይ የወደቀው አንድም አልበቀለም። ጥላውን ከቆረጥከው ይሄም ይሞታል።»

ሸምሰዲን ተንበርክኮ ይቆጥራል። አርባ ሲደርስ ይተወዋል።

«ወላሂ፣ ይሄን መሬት የገደልነው መስሎኝ ነበር» ይላል ቀስ ብሎ።

«ወንድምህም እንደዚያ እያለ ነው የሞተው።»

ከላይ፣ ከቅርንጫፎቹ መሃል፣ አንድ ወፍ ፍሬ ይፈለፍላል።

«ምስለኔውን እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ» ይላል በመጨረሻ። «የቡና መሬት ነው እለዋለሁ። ካላመነኝ እንደኔ ተንበርክኮ ይቁጠር።»

«ኢንሻአላህ።»

ሸምሰዲን ለመውጣት ይነሳል፤ ግን ቶሎ አይራመድም። ሲገባ የረገጠውን ቦታ በዓይኑ ፈልጎ አንድ እግሩን እዚያው ላይ ያሳርፋል፤ ቆይቶ ሌላውን። ሀዋም ቀሚሷን ሰብስባ፣ እሱ በረገጠበት እየረገጠች ትከተለዋለች።