የትልቁ ድስት ክዳን

መርማሪው ቅዳሜ ከሰዓት ማኅደሩንና ሜትሩን ታቅፎ፣ እያለከለከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። ከበረራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነው። በሩን የከፈተችለት ልብስ ሰፊዋ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ሰማይ ላይ ያልታወቀ ነገር አየች የተባለችው ልጅ እዚህ ናት?»

«እኔ ነኝ!» የአሥር ዓመት ልጇ ከሶፋው ዘላ ወረደች።

ልጅቱ ማክሰኞ ያየችውን ለአስተማሪዋ ነገረች፤ አስተማሪዋ ለርዕሰ መምህሩ፣ ርዕሰ መምህሩ ለመሥሪያ ቤቱ። አሁን ተማሪው ሁሉ «ማርስ» እያለ ይጠራታል። መርማሪው ውሸት ነው ብሎ ከጻፈ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ፊት ቆማ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው።

እናትየው ግን ነገሩን ታውቀዋለች። ማክሰኞ ምሳ ላይ ባሏ ሾርባውን ቀምሶ «አይ የእናቴ እጅ!» ብሎ ሲወጣ፣ የትልቁን ድስት ክዳን አንስታ ከበረንዳው ቁልቁል ለቀቀችበት። በኋላ ግቢውን ብታስስ ክዳኑ የለም። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈዋል። ባሏ አውራ ጣቱን በፋሻ ጠቅልሎ ሲዞር እንኳ ምን ሆንክ አላለችውም። የበያጅ እጅ መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል?

«እስቲ ንገሪኝ የኔ ልጅ፣ ምን ይመስላል?»

«ክብ ነው። ያብለጨልጫል። ይሽከረከራል።»

እናትየው ቀሚሷን ጨመደደች።

«ድምፅስ ነበረው?»

«እንደ እማዬ ስፌት መኪና፣ ዝዝዝዝ!»

«መቼ ነው ያየሽው?»

«እማዬ አባዬ ላይ ስትጮህ።»

መርማሪውን ሳል ያዘው። «ከዚያስ ወዴት ሄደ?»

«ፊት ለፊት ያለው ውኃ ታንከር ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሽቅብ!» ክንዷን ስትወረውር የአበባ ማስቀመጫው ተገለበጠ።

መርማሪው በረንዳውን ለካ፣ አንገቱን አስግጎ ታችም ላይም አየና ራሱን ነቀነቀ። ብዕሩን አወጣ። «እንግዲህ ይኼ የልጅ ፈጠራ...»

«ልጄ አትዋሽም!» እናትየው ብዕሩን ልትቀማው ምንም አልቀራት። «ክዳን ነው! የድስት ክዳን! እኔ ነኝ የወረወርኩት! አራት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ፣ ከፈለጉ ይሰሩኝ!»

«ክዳን ሽቅብ ይሄዳል እንዴ፣ እህቴ?»

«በኔ ንዴት የተወረወረማ ይሄዳል!»

ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንባውን እየጠረገ ጻፈ፦ «ምስክሯ አልዋሸችም። የታየው የድስት ክዳን ነው።» ማኅተሙን ጧ አደረገበት።

«ክዳን አይደለም እኮ!» ልጅቱ ወለሉን በእግሯ ደበደበችው።

«ተይ አንቺ፣ ውሸታም ከመባል ተረፍሽ!» እናትየው አገላብጣ ሳመቻት። ቀለል ብሏት፣ ከኩርፊያው ወዲህ ያላወጣችውን ሳቅ ለቀቀችው። ሾርባም ጣደች።

መርማሪው ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ባልየው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ።

«በቃ እንታረቅ፤» አለና ክዳኑን አውጥቶ ድስቱ ላይ ገጠመው፤ «ማክሰኞ አናቴ ላይ ሊያርፍ ሲል በእጄ ባልቀልበው ኖሮ ገድለሽኝ ነበር፤ እጀታው ላልቶ ስላየሁት ሥራ ቦታ ወስጄ በየድኩልሽ።»