ከክምሩ ጥግ የቆመችው ኳስ

ነጯ ኳስ ከጤፉ ክምር ሁለት ስንዝር ርቃ ቆማ ነበር። ክምሩ ውስጥ፣ ከታችኛው ነዶ ሥር፣ የአርበኞች ሁለት ጠመንጃ ተደብቋል። ቢያዝን ከክምሩ አጠገብ ሆኖ ጣሊያኑን መኮንን ተመለከተ፤ ከአስተርጓሚው ጋር እርምጃ እየቆጠረ ይመጣል። ሰውየው ከኅዳር ጀምሮ በየማለዳው ከደብረ ማርቆስ ምሽግ እየወጣ ኳስ በብረት ዱላ ይመታል፤ እስከ ወደቀችበት ቆጥሮ በወረቀት ይጽፋል። አገሬው ጨዋታ ነው ቢልም ቢያዝን አላመነም። ለእርሱ ይህ ለመድፍ ተኩስ ርቀት መለካት ነበር።

መኮንኑ ኳሷን ሊመታ ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሣ ጫፉ ክምሩን ነካው። አንድ ነዶ ተንሸራተተ። በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ።

«አያ ቢያዝን፣ ክምሩ አላስመታ አለኝ፤ ይነሣልኝ ይላል» አለ የአገሩ ልጅ የሆነው አስተርጓሚ።

«ኳሷን ራቅ ቢያደርጋትስ? ክምር ከማፍረስ አይቀልም?»

«በእጅ መንካት በጨዋታቸው ነውር ነው።»

«በገና ጨዋታም ነውር ነው» አለ ቢያዝን። ወሩ ታኅሣሥ ነበርና የገና ዱላው ከትከሻው አልተለየም። አወረደው። «እንግዲያው በእጄ አልነካትም።»

በቆልማማው የወይራ ጫፍ መታት። ኳሷ በታጨደው ማሳ ላይ እየነጠረች ሄደች።

የመኮንኑ ፊት ቀላ። አስተርጓሚው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቢያዝን እጁን ከዱላው ሳያላቅቅ ጠበቀ። መኮንኑ ኳሷ የቆመችበትን በዓይኑ ፈለገ፤ ከዚያ ጀርባውን ለክምሩ ሰጥቶ መቁጠር ጀመረ። ወረቀቱን አውጥቶ ሲጽፍ ከክምሩ መቶ ሠላሳ አንድ እርምጃ ርቆ ነበር።