የእትዬ ደብሪቱ ኩሽና

ስለ አገር የተጻፈ ግጥም ስለ ኩሽና ከተጻፈው በምን ይለያል? ባሕር ማዶ ብዙ ዓመት ተምሬም አላወቅሁትም። ከፖለቲካው ቀውስ ወዲህ ግን ስለ አገር የተጻፈ ሁሉ ለመንግሥት ይወረሳል፤ ስለ ቤት የተጻፈው ለቤተሰብ ይቀራል። ለይቶ የሚፈርመው እኔ ነኝ።

ደሴ ስደርስ የአንድ ሟች ገጣሚ ባለቤት እትዬ ደብሪቱ የባላቸውን የግጥም ደብተር ታቅፈው ጠበቁኝ። ተቀብዬ ገለጥኩት።

«ነጻነትን የምንሻው እኛው፣
በሩን የቸነከርነው እኛው» ይላል።

“እትዬ፣ ይሄማ ስለ አገር ነው።”

“ምን አገር አለው? ስለ ኩሽናዬ ነው። ና እይ!”

የኩሽናው በር በሳንቃ ተቸንክሯል። ምድጃው ግቢ ወጥቶ ሽሮው ላይ ዝናብ ይንጠባጠባል።

“መቼ ተቸነከረ?”

“ድሮ ነዋ! እሱ በሕይወት እያለ።”

ምስማሮቹ ያብረቀርቃሉ።

“ነጻነቱስ?”

“እዚያ ጢስ ውስጥ ብትውል አንተም ትሻው ነበር!”

«ጉዳዩ የኩሽና ነው» ብዬ ፈረምኩና ደብተሩን መለስኩላቸው። ውሳኔው ሲጸድቅ በስልክ መልእክት ላክሁ፦ «እትዬ፣ ደብተሩ የእርስዎ ነው። አሁን ምስማሩን ይንቀሉት።»

መልእክቱ እንደተነበበ ስልኬ ያሳያል። ክረምቱ ወጣ፤ የመንግሥት ወጥመድ መስሏቸው ይሁን፣ መልስ አልመጣም።