የጽዱ ግዝት

መንገድ የሚያሰፋው ኤክስካቫተር መታጠፊያው ላይ ካለው የጽድ ዛፍ ፊት ሲደርስ ቆመ። ኦፕሬተሩ ወርዶ ዛፉ ሥር ለቆሙት ቄስ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባ፣ የቆረጠ ውጉዝ ይሁን ያሉት እርስዎ ነዎት። ግዝቱን ካላነሱልኝ አልነካውም።»

ከኋላው አንድ አምቡላንስ ጽዱ ባጠበበው መታጠፊያ ማለፍ አቅቶት ጥቁር ጭስ ይተፋል። ከመታጠፊያው ማዶ የቄሱን ልጅ ምጥ ይዟታል።

ቄሱ ግንዱን ዳሰሱ። ከመካነ ሰላም የመጣው ባለሙያ «ዛፍ የመኪና ጭስ ይውጣል፤ መንገድ ሲሰፋ ደግሞ መኪናው ይበዛል» ብሏቸው ነበር። የገዘቱትም ይህን ሰምተው ነው።

መስቀላቸውን አወጡ። «ከዛፉ አንስቻለሁ።»

«ተመስገን! ታዲያ የት አደረጉት?»

«ጭሱ ላይ።»

ጽዱ ተገንድሶ ገደል ገባ። ቄሱ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ከአምቡላንሱ ሾፌር ጎን ተቀመጡ።

«ነዳጅ ስጠው፣ ልጄ!» አሉት።