ሁለተኛው እጀታ

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁጥር ግን አይጠፋኝም። ልጄ ካንግ ዓሣ ሊያጠምድ ባሕር ወጥቶ ከቀረ ሦስት ወሩ ነው። የቤታችንን ስልክ ቁጥር በቃሉ ያውቃል። ግቢ ዓሣ ሳሰጣ ቢደውል እንዳያመልጠኝ ብዬ ገመድ አልባ ስልክ አስገባሁ።

የገጠመልኝ ሰውዬ፣ «እማማ፣ ያለዎት ይህ በእጅ የሚይዙት አንድ እጀታ ብቻ ነው። ሌላ ቢጨምሩ እርስ በርስ ይደዋወላሉ፤ ሁለተኛው ሲደውል እዚህ ስልኩ ላይ ባለችው መስኮት 2 ይበራል» አለኝ።

«አንዱ ይበቃኛል። የምጠብቀውም አንድ ሰው ነው» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ምራቴ ሊየን እጇ አመድ ነክቶት ከጓሮ መጣች። እኛ ዘንድ የወረቀት ዕቃ የሚቃጠለው ለሞተ ሰው ነው፤ ካለበት እንዲደርሰው።

«ምን አቃጠልሽ፣ አንቺ ቀበዝባዛ?»

«ልክ እንደዚህ እንደያዙት ያለ የወረቀት ስልክ ነው፣ እማዬ። ይቅር ይበሉኝ። መጠበቁ ገደለኝ።»

«ልጄ አልሞተም! በቁሙ ታቃጥይለታለሽ? ባል አማረሽ?»

አፏን ሳትከፍት እጄ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ።

«ይኸው! አላልኩሽም? ካንግ ነው!» ብዬ ቁልፉን ልጫን ስል መስኮቱን አየሁ።

የበራው 2 ነው።