ዛሬም ዞሯል

ሽማግሌው ከእንቅልፋቸው ሲነሱ ፊታቸውን ሳይታጠቡ መስኮቱ ጋ ይሄዳሉ። በግንባታ ላይ ያለው ሕንፃ ከዚያ አይታይም፤ ሁለት ታክሲ ያስኬዳል። ከጣሪያዎቹ በላይ የሚታየው ቢጫው ክሬን ብቻ ነው። ትናንት ክንዱ ወደ ውኃ ታንከሩ ነበር። ዛሬ ወደ ሆስፒታሉ ነው።

«ዛሬም ዞሯል» ይላሉ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። «ሥራ አለ።»

ዕድሜያቸውን በሙሉ ክሬን ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ጋሽ ጭልፊት» የሚላቸው ለዚህ ነው። «ክሬንና ጎረምሳ ታስሮ አያድርም» እያሉ የሥራ ጓደኞቻቸውን ያስቁ ነበር። ጉልበታቸው መሰላሉን እምቢ ካለ በኋላ ጡረታ ወጡ፤ አሁን ከላይ ወደ ታች ማየቱ ቀርቶ ከታች ወደ ላይ ያያሉ። በክሬን ነገር ግን ዛሬም የሚከራከራቸው የለም።

ልጃቸው ፌራዮ ነው። ለዚያው ሕንፃ ብረት ያጥፋል፣ ያስራል። ጠዋት ሄልሜቱን በብብቱ፣ የምሳ ዕቃውን በእጁ ይዞ ይወጣል፤ ሲመሽ እግሩን እየጎተተ ይገባል።

ምራታቸው ከራዲዮው ጋር ተጣልታለች። በየጠዋቱ አንድ ባለሙያ ይቀርብና የግንባታው ዘርፍ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያንሰራራ በደስታ ይተነትናል።

«አምናም የሚቀጥለው ዓመት ነበር» ትላለች ድስቱን እየፈተገች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።»

ቀልድ አይደለም። ታላቅ እህቷ ባሕር ማዶ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ለእሷም ቦታ አግኝታላታለች። ባሏ ለምኖ፣ ተለማምጦ ነው ያስቀራት። «ያ ክሬን የቆመ ቀን ግን እሄዳለሁ» ብላ ነበር ያኔ፣ አማቷ ባሉበት። «ልጄን ለእርስዎ ትቼ እሄዳለሁ።» ልጅቷ ገና ጡት መተዋ ነው። ሽማግሌው ፊታቸውን ሳይታጠቡ መስኮት ጋ መሄድ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ነገር ይከነክናታል። አንድ ቀን የባሏን ሸሚዝ እያጠበች ተነፈሰችው።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ድሮ ይሄን ሸሚዝ ሳጥብ ውኃው ቀይ ነበር፤ ዝገት። አሁን ውኃው እንደገባ ይወጣል። እጁም ለስልሷል።»

«ካቦ አድርገውት ይሆናል፣ ልጄ። ካቦ እጁን አያቆሽሽም።»

«ካቦ ቢሆንማ በጉራው ሰፈሩ እንቅልፍ ባልነበረው።»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። እሷ አልሳቀችም።

«ጣቱ ላይ ጥቁር ነገር አያለሁ። አንዳንዴ ጉንጩ ላይም። ኩል ነው። እኔ ደግሞ ከተኳልኩ ቆይቻለሁ።»

«የማሰሪያ ሽቦ ጥቁር ነው፤ ይለቃል።»

«ዘንድሮ ነው መልቀቅ የጀመረው? ደመወዙም ዘገየ ይለኛል። ክሬኑ እየዞረ፣ ሥራው እየሄደ፣ ደመወዙ ብቻ የት ይቀራል? ሌላ ቤት ነው የሚቀረው። እርስዎስ ራስዎ ‹ክሬንና ጎረምሳ ታስሮ አያድርም› ይሉ የለ?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

በዚያ ሳምንት ሙቀቱ ጠና። ቅጠል አይነቃነቅም፤ ሰዉ ሁሉ በየበረንዳው ላይ ዘፍ ብሎ ይውላል። ክሬኑም ሆስፒታሉን እንዳየ ቀረ። ሽማግሌው መጀመሪያ «ሲሚንቶ ጠፍቶ ይሆናል» አሉ። በማግሥቱ «ኮንክሪቱ እስኪጠና እየጠበቁ ነው» አሉ። ከዚያ ሰበቡ አለቀባቸው።

ምራታቸው ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አወጣች። የራሷን ልብስ ለብቻ፣ የልጇን ለብቻ ማድረግ ጀመረች። አንዷን ትንሽ ሹራብ ከአንዱ ክምር አንሥታ ወደ ሌላው ትወስዳለች፣ መልሳ ታመጣለች።

«ዛሬ ማታ ለእህቴ እደውላለሁ» አለች። «እዚህ ክሬን ቆሞ፣ እዚያ ሴት ቆማ፣ እኔ ምን እጠብቃለሁ?»

ሽማግሌው ምሳ አልበሉም። የልጅ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ፈርተው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የጓዳው በር ድርግም ብሎ ተዘጋ። ምራታቸው ያሰጣችው ልብስ ግቢው ውስጥ ሲንከባለል አይታ ሮጠች። አቧራውን እያራገፈች ስትመለስ ሽማግሌው ልጅቷን እንዳቀፉ ቆመው አገኘቻቸው።

«ነይ እዪ» አሏት። «ዞሯል።»

አየች። የክሬኑ ክንድ ሆስፒታሉን ትቶ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ አደባባዩ እየሄደ ነው።

«እኔም አይቻለሁ፣ አንቺም በዓይንሽ አየሽ። ሴት ግን የለም፣ ልጄ። ይህችን ልጅ ይንሳኝ፣ ሴት የለም።»

ትክ ብላ አየቻቸው። ጋሽ ጭልፊት በሐሰት እንደማይምሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሻንጣውን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችውና ምሳቸውን ልታሞቅ ሄደች።

ሲመሻሽ ልጃቸው ገባ። ሄልሜቱን ምስማሩ ላይ ሰቅሎ ሊታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣ። አባቱ ሳሙና ይዘው ተከተሉት። ጓዳ ውስጥ ሚስቱ፣ ስንት ጊዜዋ፣ ታንጎራጉራለች።

«ሥራ እንዴት ዋለ?» አሉት፣ እሷ እንድትሰማ ጮክ ብለው።

«ያው አድካሚ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ቧንቧውን ከፈቱለት። ውኃው መንፏፏት ሲጀምር ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ነገ ሥራ ፍለጋ ውለህ ስትመለስ የሥራ ማስታወቂያ ጋዜጣውን ቀለም እዚያው ታጠብና ዝገት ቢጤ ተቀባ፤ ክሬኑን እንደሆነ ሳያስሩት ትተውት ሄደዋል፣ ነፋሱ ያዞርልናል።»